ስለ ፓስወርድ ሃሽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፓስወርድ አያያዝ የሚፈተነው የፓስወርዶቹ ሃሽ (ከፓስወርዱ የሚሰላና ወደ ኋላ የማይመለስ ኮድ) ያለበት ዳታቤዝ ተሰርቆ የወጣ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አጥቂው በራሱ ማሽን ላይ፣ ማንም ሳያግደው፣ ግምቶችን እያከታተለ ይሞክራል። የፕሮግራመሩ ሥራ እያንዳንዱን ግምት ውድ ማድረግ ነው። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

«ፓስወርዱ ኢንክሪፕት ስለተደረገ ችግር የለም»

ኢንክሪፕት የተደረገ ነገር ቁልፉን ላገኘ ሁሉ ይከፈታል፤ ቁልፉ ደግሞ አፕሊኬሽኑ እንዲጠቀምበት ሲባል እዚያው ሰርቨር አካባቢ ይቀመጣል። ሰርቨሩ ውስጥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። ለነገሩ ተጠቃሚን ለማስገባት ፓስወርዱን መልሶ ማንበብ አያስፈልግም፤ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ይበቃል። በ2013 ከአዶቤ የወጡት ፓስወርዶች በትሪፕል ዴስ (የቆየ የኢንክሪፕሽን ስልት)፣ በኢሲቢ ሞድ (እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ በሚመሰጥር አሠራር) ኢንክሪፕት ተደርገው ነበር። ቁልፉ ባይወጣም፣ ተመሳሳይ ፓስወርድ ሁሌም ተመሳሳይ ውጤት ስለሚሰጥና የተጠቃሚዎቹ ማስታወሻ ፍንጮች በግልጽ ስለተቀመጡ፣ ብዙ ሰው የሚጋራቸው ፓስወርዶች በቀላሉ ታወቁ።

«ኤስኤችኤ-256 እስካሁን አልተሰበረም፤ ለፓስወርድም ይበቃል»

አለመሰበሩ እውነት ነው። አጥቂው ግን መስበር አያስፈልገውም፤ ግምቱን ሃሽ አድርጎ ከተሰረቀው ጋር ያመሳክራል። ኤስኤችኤ-256 የተባለው የሃሽ ስልት ትልልቅ ዳታን በፍጥነት እንዲያሰላ የተሠራ ስለሆነ፣ ይህ ፍጥነት እዚህ ላይ የሚያገለግለው አጥቂውን ነው። አንድ ዘመናዊ ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) በሰከንድ ቢሊዮኖችን ያሰላል።

በቁጥር እንየው። 8 ትንንሽ የላቲን ፊደላት ብቻ ያሉት ፓስወርድ ወደ 209 ቢሊዮን የሚጠጋ አማራጭ አለው። በሰከንድ 10 ቢሊዮን ግምት ቢሞከር ሁሉም በ21 ሰከንድ ያልቃል። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 1,500 ግምት ቢወርድ ግን ያው ሥራ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሆን ተብሎ ቀርፋፋ የተደረገው የፓስወርድ ሃሽ ስልት ቢክሪፕት፣ ኮስቱ (የሥራው መጠን ማስተካከያ) 12 ሲሆን አንድን ጂፒዩ እዚህ አካባቢ ያወርደዋል፤ ኮስቱ በ1 በጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ ይሆናል።

በ2015 የፓስወርድ ሃሽ ውድድርን ያሸነፈው የአርጎን2 ቤተሰብ ደግሞ ሜሞሪም ያስከፍላል። ለእያንዳንዱ ግምት 19 ሜጋባይት ከተጠየቀ፣ 24 ጊጋባይት ያለው ጂፒዩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ወደ 1,300 ግምት ብቻ ነው። ለአዲስ ሲስተም ምርጫችን ከዚህ ቤተሰብ አርጎን2አይዲ ነው። የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ ከሚመክራቸው መነሻዎች አንዱ 19 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ 2 ዙርና ፓራለሊዝም (ጎን ለጎን የሚሄድ ስሌት ብዛት) 1 ነው። ፒቢኬዲኤፍ2 የተባለውን የቆየ ስልት ከኤችማክ-ኤስኤችኤ-256 (በቁልፍ ከሚሰላ ሃሽ) ጋር የመጠቀም ግዴታ ካለ 600,000 ዙር ይሁን። ከዚያ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ለኩት፤ አንድ ማረጋገጫ ከአንድ ሰከንድ በታች እስከሆነ ድረስ ሰርቨሩ የሚችለውን ያህል ከፍ አድርጉት።

ይህ ሁሉ 123456ን አያድነውም። አጥቂው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ስለሆነ፣ ሲመዘገቡ የተለመዱና ቀድሞ የወጡ ፓስወርዶችን መከልከል የግድ ነው።

«ሶልት ምስጢር ነው»

አይደለም። ሶልት ከፓስወርዱ ጋር አብሮ ሃሽ የሚደረግ ራንደም ዳታ ነው። ሥራው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስወርድ ቢኖራቸው እንኳ ሃሻቸው እንዲለያይ፣ አጥቂውም ለሁሉም በአንድ ጊዜ ከማስላት ይልቅ በየአካውንቱ እንደ አዲስ እንዲጀምር ማስገደድ ነው። በ2012 ከሊንክድኢን የወጡት 6.5 ሚሊዮን ያህል ሃሾች ሶልት የሌላቸው ኤስኤችኤ-1 (ሌላ ፈጣን ሃሽ) ስለነበሩ ይህን አንድ እንቅፋት እንኳ አልፈጠሩም። የተጠቃሚውን ስም ወይም ለሁሉም አንድ ቋሚ ቃል ሶልት ማድረግ ስህተት ነው፤ ለእያንዳንዱ ፓስወርድ ለደህንነት ከተሠራ የራንደም ምንጭ የተገኘ 16 ባይት ያስፈልጋል።

ደግነቱ ላይብረሪዎቹ ራሳቸው ሶልቱን ፈጥረው ከሃሹ ጋር ያስቀምጡታል። የቢክሪፕት ውጤት 60 ቁምፊ ነው፦ ስሪቱ፣ ኮስቱ፣ 22 ቁምፊ ሶልት፣ 31 ቁምፊ ሃሽ። የዳታቤዙ ኮለም 50 ከሆነና ዳታቤዙ ስህተት ሳያሳይ ጫፉን ከቆረጠ፣ ምዝገባው ይሳካል፤ መግባት ግን ማንም አይችልም። 255 አድርጉት።

ምስጢር ማከል የሚፈልግ ፔፐር ይጠቀም። ይህ ከዳታቤዙ ውጭ የሚቀመጥ የኤችማክ ቁልፍ ነው።

«የገባውን ፓስወርድ ሃሽ አድርጌ ከዳታቤዙ ጋር አወዳድራለሁ»

ሃሽ የሚያደርገው ፈንክሽን በተጠራ ቁጥር አዲስ ሶልት ስለሚፈጥር ሁለቱ በፍጹም አይገናኙም። ትክክለኛው መንገድ መዝገቡን በተጠቃሚው ስም አውጥቶ፣ የተቀመጠውን ሃሽና የገባውን ፓስወርድ ለላይብረሪው ማረጋገጫ ፈንክሽን መስጠት ነው። እሱ ሶልቱንና ኮስቱን ከሃሹ ውስጥ ያነባል፤ ውጤቱንም የማወዳደሪያው ጊዜ ምንም ፍንጭ በማይሰጥበት መንገድ ያመሳክራል። የተጠቃሚው ስም ባይኖርም በአንድ የውሸት ሃሽ ላይ ማረጋገጫውን አስኪዱ። አለበለዚያ የሌለ አካውንት በ2 ሚሊሰከንድ፣ ያለው በ250 ሚሊሰከንድ ይመልስና ማን እንደተመዘገበ ከውጭ ይታወቃል።

«ቢክሪፕት ካስገባን አለቀ»

ቢክሪፕት የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይት ብቻ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በአማርኛ የተጻፈ ፓስወርድ ከ24ኛው ፊደል በኋላ ያለው እንደሌለ ይቆጠራል። በ2024 የመግቢያ አገልግሎት ሰጪው ኦክታ ይፋ ያደረገው ችግር ከዚሁ የመጣ ነው፦ የመለያ ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ተቀጣጥለው ለካሽ (ለፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) ቁልፍ በቢክሪፕት ሃሽ ይደረጉ ነበር፤ ስሙ 52 ቁምፊ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ ትክክለኛ ፓስወርድ መግባት ይቻል ነበር። ከገደቡ ያለፈውን ፓስወርድ በግልጽ መልእክት መልሱ፣ ወይም አርጎን2አይዲን ተጠቀሙ።

ሌላው ቀዳዳ ጎን ለጎን የሚቀር ደካማ ቅጂ ነው። የፍቅር ግንኙነት ድረ ገጹ አሽሊ ማዲሰን ኮስቱ 12 የሆነ ቢክሪፕት ነበረው፤ ግን ከፓስወርዱ የተሠራ የኤምዲ5 (ፈጣንና ያረጀ ሃሽ) ቶክን እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ነበር። ከ2015ቱ ስርቆት በኋላ ከ11 ሚሊዮን በላይ ፓስወርዶች በዚያ በኩል ተሰበሩ። ፓስወርድ ሎግ ፋይል ውስጥ እንዳይጻፍም አረጋግጡ።

«ብራውዘሩ ላይ ሃሽ ካደረግነው ሰርቨሩ ላይ አያስፈልግም»

እንዲህ ከሆነ ሃሹ ራሱ ፓስወርድ ሆነ ማለት ነው፤ ዳታቤዙን የሰረቀ ሰው እንዳለ ልኮት ይገባል። በመንገድ ላይ የሚጠብቀው ቲኤልኤስ (የኤችቲቲፒኤስ ምስጠራ) ነው።

«የድሮውን ኤምዲ5 ለመቀየር ሁሉም ተጠቃሚ እስኪገባ መጠበቅ አለብን»

ተመልሶ የማይመጣ ተጠቃሚ ሃሽ ለዓመታት ሊቀመጥ ነው ማለት ነው። ይልቅ ዛሬውኑ ያሉትን የኤምዲ5 ውጤቶች በሙሉ በአርጎን2አይዲ ሃሽ አድርጉና ዓይነቱን የሚያሳይ ምልክት በሌላ ኮለም ላይ ያዙ። ተጠቃሚው ሲገባ መጀመሪያ ኤምዲ5፣ ቀጥሎ አርጎን2አይዲ አስልቶ ማረጋገጥ፤ ትክክል ከሆነ ፓስወርዱ በእጅ ስላለ ወዲያው በቀጥተኛ አርጎን2አይዲ መተካት። ኮስት ከፍ ሲደረግም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የድሮው ኮለም ከጠፋ በኋላ ባክአፖቹም (የመጠባበቂያ ቅጂዎቹም) ይታዩ፤ ኤምዲ5ቱ እዚያ ውስጥ አሁንም አለ።