ስለ ብላክ ሆል በስህተት የሚነገሩ ነገሮችና እውነታው

ስለ ብላክ ሆል የሚነገሩት ስህተቶች አብዛኞቹ መነሻቸው አንድ ነው፤ ከሌላው ቁስ የተለየ የመሳብ ኃይል ያለው ይመስላል። የለውም። ብዙ ቁስ እጅግ ጠባብ ቦታ ውስጥ ታጭቆ ነው እንጂ ስበቱ ያው የምናውቀው ስበት ነው።

«በዙሪያው ያለውን ሁሉ እየሳበ ይውጣል»

የስበት ኃይልን የሚወስኑት መጠነ ቁስና ርቀት ናቸው። ፀሐይ በመጠነ ቁስ እኩያዋ በሆነ ብላክ ሆል ብትተካ፣ ምድር በ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እንደወትሮዋ ትዞራለች። ብርዱ ይጨርሰናል እንጂ አንዋጥም።

ልዩነቱ የሚመጣው ሲጠጉ ነው። የፀሐይ ገጽ ከመሃሏ 700 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከዚያ ካለፉ የተወሰነው ቁስ ከኋላ ስለሚቀር ስበቱ መበርታቱን እየተወ ይሄዳል። እኩያዋ ብላክ ሆል ግን ራዲየሱ፣ ማለትም ብርሃን እንኳ ከማያመልጥበት ድንበር እስከ መሃሉ ያለው ርቀት፣ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ መላው ቁስ ከፊት እንዳለ እስከዚያ ድረስ መቅረብ ይቻላል። የማይሽከረከር ከሆነ፣ ከራዲየሱ 3 እጥፍ ወዲያ ያለ ነገር ሳይወድቅ በክብ ምህዋር ሊዞር ይችላል። ምህዋሩ የማይጸናው ከዚያ ወዲህ ነው። ከእኛ 1,560 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው ጋያ ቢኤች1 የተባለው ብላክ ሆል የፀሐይን 10 እጥፍ ያህል መጠነ ቁስ አለው፤ ሆኖም ፀሐይን የምትመስል አንዲት ኮከብ በ186 ቀን አንድ ጊዜ እየዞረችው በሰላም አለች።

«ኮከብ ሁሉ ሲሞት ብላክ ሆል ይሆናል»

ፀሐይ አትሆንም፤ የሚቀረው ነጭ ድንክ የሚባለው ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ ቅሪቷ ነው። በመጠነ ቁስ ከፀሐይ 8 እጥፍ ገደማ የሚጀምሩት ከዋክብት እምብርታቸው ይደረመሳል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የሚተዉት ኒውትሮን ኮከብ፣ ማለትም ባብዛኛው ከኒውትሮን የተሠራ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ቅሪት ነው። ብላክ ሆል የሚጠበቀው ባመዛኙ ከ20 እጥፍ በላይ ከሆኑት ነው፤ ያም ቢሆን ድንበሩ ቁርጥ ያለ አይደለም።

የፀሐይን 25 እጥፍ የሆነ ኮከብ እንውሰድ። እያዋሐደ ኃይል የሚያገኝበትን ሃይድሮጂን ለመጨረስ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ መጨረሻ ላይ ሲሊከኑን ለመጨረስ ግን አንድ ቀን ያህል ይበቃዋል። የሲሊከኑ ውጤት ብረት ነው። ብረት ሲዋሐድ ኃይል አይሰጥም፣ ይልቁንም ይወስዳል። ስለዚህ የብረቱ እምብርት የፀሐይን 1.4 እጥፍ ገደማ ሲደርስ የሚደግፈው ያጣና ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደረመሳል። ቅሪቱ ከፀሐይ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ካለፈ ኒውትሮኖችም ሊሸከሙት አይችሉም፤ ብላክ ሆል ይሆናል።

«ብርሃን ስለማያወጣ ሊታይ አይችልም»

እሱ ባይታይም ወደ እሱ የሚወርደው ጋዝ ይታያል። ጋዙ እየዞረ ሲፋተግ በሚሊዮን ዲግሪ ይግልና ኤክስሬይ ይረጫል። በዚህ መንገድ ወደ ኃይል የሚለወጠው ከጋዙ መጠነ ቁስ 6 በመቶ ያህሉ ነው፤ ብላክ ሆሉ በኃይል የሚሽከረከር ከሆነ እስከ 42 በመቶ ይደርሳል። በፀሐይ ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን ውህደት የሚለውጠው 0.7 በመቶ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው፣ ኤም87 በተባለው ጋላክሲ መሃል ያለው ብላክ ሆል ምስል ብዙዎችን በቀለሙ ያሳስታል። የተቀረጸው በ1.3 ሚሊ ሜትር የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ ብርቱካናማው ቀለም በኋላ የተቀባ ነው። መሃል ላይ ያለው ጥቁር ክብም ጥላው እንጂ ራሱ ብላክ ሆሉ አይደለም፤ ጥላው 2.6 እጥፍ ገደማ ይሰፋል።

«የቀረበ ሰው እንደ ክር ተስቦ ይበጠሳል»

እንደ ብላክ ሆሉ ነው፤ የሚገርመው ትንሹ መክፋቱ ነው። የፀሐይን 10 እጥፍ የሆነው ራዲየሱ 30 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ድንበር ላይ በእግርና በራስ መካከል ያለው የስበት ልዩነት የምድርን ስበት ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ስለሚያጥፍ ሰው የሚበጠሰው ገና ሳይደርስ ነው። በጋላክሲያችን መሃል ያለው ሳጂታሪየስ ኤ ስታር ግን 4 ሚሊዮን ፀሐይ ያህላል፤ ራዲየሱም 12 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ድንበሩን ሲያልፉ የሚጎትት ነገር አይሰማም። ከዚያ በኋላ ግን መመለስ የለም፤ በራስ ሰዓት ቢለካ የሚቀረው ቢበዛ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከሩቅ የሚመለከት ሰው ሲያልፉ አያይም፤ እየዘገዩ፣ ወደ ቀይ እየተለወጡና እየደበዘዙ ሲጠፉ ብቻ ነው የሚያየው።

«ብላክ ሆል ዘላለማዊ ነው»

ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1974 በስሌት እንዳሳየው ብላክ ሆል ጨረር እያወጣ ቀስ በቀስ ይተናል። ግን ፀሐይን የሚያህለው ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ 0.00000006 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሕዋን የሞላው የጥንት ጨረር ደግሞ 2.7 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ዛሬ የሚያገኘው ከሚያጣው ይበልጣል። ሕዋው ከእሱ በታች እስኪቀዘቅዝ ድረስ መክሳት እንኳ አይጀምርም።