«እውቅና ያለው ዲግሪ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ያለችው ልጅ ዲግሪዋን በእጇ ይዛለች። አጠገቧ የቆመ ሰው በሙሉ ልብ ያስረዳታል። «ውጭ ጉዳይ ማኅተም ከመታልሽ በቃ፣ የትም አገር እውቅና አለው።» ሬጅስትራር በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። በዚህ ተማምነው ገንዘብና ዓመት ያባከኑ ልጆች አይቻለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። «እውቅና» የምንለው ብዙ ነገር ነው። ኮሌጅ ለማስተማር የሚያወጣው ፈቃድ እውቅና ይባላል። ወረቀቱ ሐሰተኛ አለመሆኑን የሚያረጋግጠው ማኅተምም እውቅና ይባላል። ከውጭ የመጣ ዲግሪ እዚህ የሚሰጠው አቻ ግምት፣ ቀጣሪ ወይም የሙያ ቦርድ «ተቀብያለሁ» ማለቱ፣ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራል። የሚሰጧቸው አካላት ግን የተለያዩ ናቸው። አንዱን ማግኘት ሌላውን አያስገኝም።

ጅማ ነንና በቡና ላስረዳ። አንድ ነጋዴ የቡና ማዘጋጃ ጣቢያ ለመክፈት ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱ ስለ ጣቢያው እንጂ ዛሬ ስለተጫነው ጆንያ አይናገርም። ጆንያው ላይ ያለው ምልክት ደግሞ ቡናው ከየት እንደመጣ ይናገራል። ስለ ጣዕሙ ምንም አይልም። ከዚያ ቀማሽ ናሙና ይወስዳል፤ እንከኑን ይቆጥራል፤ ቆልቶ ይቀምሳል፤ ደረጃ ይሰጣል። «ጅማ 5» የሚባለው እንዲህ ተለይቶ ነው። በመጨረሻ ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ደረጃውን እያየም ቢሆን የራሱን ናሙና ቆልቶ ይቀምሳል። ለምን ቀመስክ የሚለው የለም፤ የሚገዛው እሱ ነው።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ጆንያው ላይ ያለው ምልክት ነው። ከሱ በፊት ያረፈው ፊርማና ማኅተም ትክክለኛ መሆኑን ይመሰክራል። ትምህርቱን አልመረመረም፤ ሥራውም አይደለም።

የጣቢያው ፈቃድ ደግሞ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይመጣል። የድሮው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ማለት ነው። እዚህ ላይ በጣም የሚያናድደኝ «ኮሌጁ እውቅና አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ጎዶሎ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው በካምፓስ፣ በትምህርት መስክ፣ በደረጃና በማስተማሪያ ዘዴ ተለይቶ ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ በአካውንቲንግ መደበኛ ዲግሪ ተፈቅዶለታል ማለት ጅማ ያለው ቅርንጫፍ በርቀት ነርሲንግ ያስተምራል ማለት አይደለም። ፈቃዱም ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «በዚህ ካምፓስ፣ በዚህ መስክ፣ እኔ በምመዘገብበት ዓመት» ተብሎ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም ሌላ ጉዳይ ነው። 50 በመቶ ማምጣት ለተማሪው ነው፤ ለኮሌጁ ፈቃድ አይሆንም።

«ታዲያ የኢትዮጵያ ዲግሪ ውጭ አይሠራም ማለትህ ነው?» አለኝ ሰውዬው። አላልኩም። ዲግሪውን የሚያየው ሌላ አካል ነው ያልኩት፤ እንደ ቡናው ገዢ። አሜሪካ ውስጥ የውጭ ዲግሪን በአገር ደረጃ የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት የለም። ግምገማውን የሚሠሩት የግል ድርጅቶች ናቸው፤ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው፣ ቀጣሪው ወይም የሙያ ፈቃድ ሰጪው ነው። ጀርመን የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመዘግብ አናቢን የሚባል የመረጃ ቋት አላት። ነርስና ሐኪም ግን የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ስም እዚያ ቢገኝም ሥራ ለመጀመር በየክፍለ ግዛቱ የሙያ እውቅና ማውጣት አለባቸው። አፍሪካ ውስጥ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀ ስምምነት አለ። ጉልህ ልዩነት ካልታየ በስተቀር አገሮቹ አንዱ የሌላውን ዲግሪ እንዲቀበል ያስገድዳል፤ ግዴታው ግን ባጸደቁት አገሮች መካከል ብቻ ነው።

ከልምዴ ደግሞ ሰው ወረቀቱ የወደቀበት የሚመስለው ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ነገር ነው። ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ፓስፖርቱ ላይ በዋይ ይጨርሳል፣ ዲግሪው ላይ በአይ። የምረቃ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ፈረንጁ በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል። በእኛ 2011 ላይ የተመረቀች ልጅ ስምንት ዓመት ሥራ ፈታ የተቀመጠች ትመስላለች። የወጪ መጋራት ክፍያ ስላልተጠናቀቀ ዋናው ዲግሪ ሳይወጣ ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ወረቀት፣ ብቻ ይዞ የሚያመለክት አለ። ለተማሪው በእጁ የሚሰጠውን የውጤት ወረቀት፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ልኮ ለምን ተመለሰብኝ የሚልም አለ፤ የሚፈለገው ከሬጅስትራር ታሽጎ የሚላከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው።

የድሮ ተመራቂዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ከዚያ በፊት የተመረቀ ሰው ወረቀቱ ላይ ያለው የድሮው ስም ነው። ገምጋሚው በዝርዝሩ ሲፈልግ ያጣዋል። ተቋሙ የለም ማለት አይደለም፤ ውሕደቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ አብሮ ይያያዛል።

ወረፋው ልጅቷ ጋ ደረሰ። ዋናውን ዲግሪ ላሚኔት ልታስደርገው ኖሯል የመጣችው። «እህቴ፣ ተይ፤ ላስቲክ ከለበሰ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ አይኖርም» አልኳት። ኮፒ ብቻ አስነሥታ ዋናውን ክላሰሯ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ፓስፖርቷን አውጥታ ስሟን ፊደል በፊደል ከዲግሪው ጋር ማስተያየት ጀመረች።