የሐዋሳ ሐይቅ ገጽ፦ ሙቀትና ውሃ አብረው የሚወጡበት በር

ሐዋሳ ሐይቅ ገባሪ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። ዋናው ገባሪው ጥቁር ውሃ ነው፤ የጨለለቃን ረግረግ አቋርጦ ይመጣና ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ የት ይገባል? አብዛኛው ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ይተናል።

ውሃ ለመትነን የግድ መፍላት የለበትም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐይቁ ይህን ሙቀት በሩቁም አያየውም። ቢሆንም የውሃ ሞለኪውሎች ከገጹ ሳያቋርጡ ወደ አየር ያመልጣሉ፣ ከፊሎቹም ይመለሳሉ። የሚያመልጡት ከሚመለሱት ሲበልጡ ሐይቁ ይጎድላል። ውሃው በሞቀና አየሩ በደረቀ ቁጥር ትነቱ ይበረታል። ንፋስ ከሌለ ገጹን የተጠጋው አየር እርጥበት ይጠግብና ትነቱ ይቀንሳል። ቀን ላይ ግን የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ ንፋስ ይነሳል፤ እርጥቡን አየር ጠርጎ በደረቅ ይተካዋል። ሐይቁ 1 ሚሊ ሜትር ጎደለ ማለት 90,000 ሜትር ኩብ ውሃ ሄደ ማለት ነው። ቀላል አይደለም!

ውሃው ደግሞ ባዶ እጁን አይወጣም። 1 ኪሎ ግራም ውሃ ሲተን 2,450 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ ሙቀት 580 ኪሎ ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ማሞቅ ይችላል። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐይቁ ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር የምትሳሳ የላይኛ ሽፋን አለች። ብዙ ጊዜ ከሥሯ ካለው ውሃ በዲግሪ ክፍልፋይ ትቀዘቅዛለች።

ሌሊት ፀሐይ የለችም፤ ሙቀቱ ግን መውጣቱን አያቆምም። የቀዘቀዘው የላይኛው ውሃ ይከብድና ይሰምጣል፣ ሞቅ ያለው ከታች ይወጣል። ማለዳ ሐይቁ የሚጨስ ከመሰለም እሳት የለም፤ ከሞቀው ውሃ የወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ አየር ሲያገኝ ጉም ሆኖ ነው።

ለዓሣዎቹ ይህ የሌሊት ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ኦክስጅን በረጋ ውሃ ውስጥ በራሱ 1 ሜትር ለመውረድ ዓመታት ይፈጅበታል። ወደ ታች የሚያደርሰው የውሃው መገላበጥና ንፋሱ ነው። አሞራ ገደል ገበያ ላይ የሚታየው ቆሮሶም ሆነ አምባዛ የሚያድገው በዚህ ኦክስጅን ነው።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። የሚተነው ውሃ ጨውን ይዞ አይሄድም፤ ስለዚህ መውጫ የሌለው ሐይቅ ውሎ አድሮ ጨዋማ መሆን ነበረበት። ሻላና አቢጃታ እንዲያ ናቸው። ሐዋሳ ግን ጨዋማ አልሆነም። አሳማኙ ማብራሪያ ከውሃው ከፊሉ በመሬት ውስጥ ሰርጎ ይወጣል፣ ጨውንም ይዞ ይሄዳል የሚለው ነው።