ሶቅራጥስ በግእዝ፦ የግሪክ ጠቢባን ወደ ብራናችን የመጡባቸው መንገዶች

ሶቅራጥስ አንድም መጽሐፍ ትቶልን አልሄደም። ሥራው አቴና አደባባይ ላይ ሰው እያስቆመ መጠየቅ ነበር። የመለሰለትን ሰው መልሶ ይጠይቀዋል። በዚህ አመሉ ብዙ ሰው አስቀየመ። በመጨረሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 መርዝ ጠጥቶ እንዲሞት ተፈረደበት። በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ የምናገኘው ሶቅራጥስ ግን ሌላ ሰው ነው። መጠየቁን ትቶ ይመክራል። ጋቢውን ደርቦ ጥላ ሥር የተቀመጠ የሰፈር ሽማግሌ ነው የሚመስለው።

ይህ ለውጥ የመጣው በመንገድ ላይ ነው። የግሪክ ጥበብ ወደ እኛ የመጣባቸው መንገዶች ደግሞ ሁለት ናቸው።

አንደኛው አጭር ነው። አክሱም ግሪክኛን በደንብ ታውቀው ነበር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ፣ ዞስካሌስ የተባለውን የአካባቢውን ንጉሥ ግሪክኛ የተማረ ሰው ይለዋል። ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ድሉን ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ ከግእዙ ጎን ግሪክኛም አስጽፏል። መጽሐፍ ቅዱስም ወደ ግእዝ የተተረጎመው ከግሪክኛ ነው። በዚያው ዘመን «ፊሳልጎስ» የተባለው የእንስሳት መጽሐፍ አብሮ መጣ።

ፊሳልጎስን የሥነ ፍጥረት መማሪያ ብሎ የሚከፍተው ሰው ግራ ይጋባል። አንበሳ አዳኝ እንዳይከተለው ዱካውን በጭራው ያጠፋል ይላል። ሲተኛም ዓይኑን አይከድንም። እያንዳንዱ እንስሳ ከታየ በኋላ ትምህርቱ ይከተላል። በኛ አነጋገር እንስሳው ሰም፣ ምግባሩ ወርቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ረጅም ነው፤ በባግዳድ ይዞራል። እዚያ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ የሚባል ክርስቲያን ሐኪም ነበር። የጥንቱን ግሪካዊ ሐኪም የገሌኖስን መጻሕፍት ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ የተረጎመው እሱ ነው። ከዚህ ሌላ የፈላስፎችን አባባል ሰብስቦ አንድ መጽሐፍ አዘጋጀ። ፈላስፎች ቀለበታቸው ላይ ያስቀረጹት ቃል ሳይቀር እዚያ አለ።

በዚያ ስብስብ ውስጥ አንድ ደስ የሚለኝ ታሪክ አለ። የመቄዶንያው ንጉሥ እስክንድር ሊሞት ሲል ለእናቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ድግስ ደግሺ፣ ሐዘን ደርሶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ይምጣ ብለሽ አስጠሪ ይላታል። ድግሱ ተደገሰ። የመጣ ሰው ግን የለም። ለቅሶ ቤት ሄዶ «ያልደረሰበት ማን አለ?» ሲባል የሰማ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

የሑነይን መጽሐፍ ወደ ዕብራይስጥና ወደ ስፓኒሽም ተተርጉሟል። የዚሁ ዘር የሆነ የዐረብኛ ስብስብ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል በሚባል ሰው እጅ ግእዝ ሆነ። ስሙም «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ተባለ። አፍላጦንና አርስጣጣሊስ (ዛሬ ፕላቶና አሪስቶትል የምንላቸው) ከንጉሥ ሰሎሞን ጋር አንድ ማዕድ የተቀመጡበት መጽሐፍ ነው። ከግሪክ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው የአሦሩ ጠቢብ ሐይቃርም አለበት።

እዚህ ጋ የጎደለውን መናገር ያስፈልጋል። የመጣልን አባባሉ ነው፤ ክርክሩ መንገድ ላይ ቀርቷል። አፍላጦን የጻፈው የሰዎች ሙግት ነበር። አርስጣጣሊስ ጀግንነት በፍርሃትና በድፍረት መብዛት መካከል ያለ ነው ለማለት ብዙ ገጽ ይፈጃል። ከዚያ ሁሉ አንድ መስመር ብቻ ሲወሰድ ተረትና ምሳሌ ይሆናል። እንደኔ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ግን ባዶ እጃችንን አልቀረንም። ለዚህ ምስክሩ ታሪኩ በግእዝ የተጻፈለት ዝምተኛው ፈላስፋ ስክንድስ ነው።

ስክንድስ ልጅ ሳለ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ይላካል። እዚያ ታማኝ ሴት የለችም የሚል ነገር ይሰማል። ሲያድግ ማንነቱን ደብቆ እናቱን ሊፈትን ይመለሳል። ገንዘብ ልኮ እሺ ያሰኛታል። ሌሊቱን ሳይነካት ያድርና ሲነጋ ልጅሽ ነኝ ይላታል። እናት ኀፍረቱን አልቻለችውም፤ ሞተች። እሱም የገደላት ምላሴ ነው ብሎ ዳግመኛ ላይናገር ማለ። (ጸሐፊዎቹ ጥፋቱን እሷ ላይ ሊጭኑ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር የምፈርደው በልጁ ላይ ነው።)

ዝናው ለሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ለሐድሪያን ደረሰ። ንጉሡ አስጠርቶ ተናገር አለው። ዝም። እንገድልሃለን ተባለ። አሁንም ዝም። ለገዳዩ ግን ትእዛዙ በምስጢር የተነገረው ተገልብጦ ነበር፦ ከተናገረ ግደለው፣ ዝም ካለ መልሰህ አምጣው። ከሞት ሲተርፍ ሰሌዳ ተሰጠውና የንጉሡን ጥያቄዎች በጽሑፍ መለሰ።

መልሶቹ የተገለበጠ እንቆቅልሽ ናቸው። በኛ ጨዋታ ምስሉ ቀድሞ ይነገርና ነገሩ ይጠየቃል። እዚህ ነገሩ ይጠየቅና ምስሉ ይከተላል። መርከብ ምንድን ነው? መሠረት የሌለው ቤት፣ ተሠርቶ ያለቀ መቃብር። ሰውስ? ሥጋ የለበሰ አእምሮ። በግሪኩ ጥያቄዎቹ ሃያ ናቸው። በዐረብኛ በኩል ግእዝ ሲደርሱ ግን ከመቶ አልፈዋል። ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ነፍስና ስለ ፍጥረት የሚያወሱ ብዙ ጥያቄዎች ተጨምረዋል።

እነዚህን መጻሕፍት ለዓለም አንባቢ በሰፊው ያቀረበው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ክላውድ ሰምነር ነው። ከ1974 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ፍልስፍና ላይ 5 ቅጾች አሳትሟል። የሰምነር ዋና ነጥብ፣ የኢትዮጵያ ተርጓሚ ቃል በቃል አይገለብጥም የሚል ነው። ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ የራሱ ያደርጋል። ማስረጃ የፈለገ ሰው «ዜና እስክንድር»ን ይመልከት። ያ የአርስጣጣሊስ ተማሪ፣ ያ ዓለምን በጦር የወረረ የመቄዶንያ ንጉሥ፣ በግእዙ ጿሚና ጸሎተኛ ሆኗል።