የእንግሊዝኛ ሞዳል ግሦች በዕለት ተዕለት ንግግር

ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድ እና መስት በእንግሊዝኛ ሰዋስው ሞዳል ተብለው የሚጠሩ ዘጠኝ ዋና ዋና ረዳት ግሦች ናቸው። አንድ ድርጊት ይቻል፣ ይፈቀድ፣ ግዴታ ይሁን ወይም ይገመት እንደሆነ የሚታወቀው በእነሱ ነው። «ሃቭ ቱ»፣ «ኦውት ቱ» እና «ኒድ» በትርጉም ይቀርቧቸዋል፤ በጠባይ ግን ሙሉ በሙሉ አይመስሏቸውም።

ጠባያቸው ከሌሎች ግሦች ይለያል። ሌላው ግስ ከ«ሂ» እና «ሺ» ጋር ሲሄድ የ«ስ» ድምፅ ሲጨምር እነዚህ አይጨምሩም፤ «ሺ ካን ስዊም» ይባላል እንጂ «ሺ ካንስ» አይባልም። ከኋላቸውም «ቱ» አይከተልም። ግስ ከባለቤቱ ጋር ሲለዋወጥ በሚሰማበት በአማርኛ ላደገ ተማሪ ይህ ይከብዳል። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው፦ የአብዛኞቹ የአሁን ጊዜ ቅርጽ በጥንቱ የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ ውስጥ የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ነበር፤ ኃላፊ ጊዜ ደግሞ ያንን ድምፅ አይወስድም። ካን ጥንት «ማወቅ» ነበር፣ ሜይ «ኃይል ማግኘት»፣ ሻል ደግሞ «ዕዳ መኖር»። የመጨረሻው ለእኛ እንግዳ አይደለም። «መቶ ብር አለብኝ» እና «መሄድ አለብኝ» ስንል ገንዘቡንም ግዴታውንም የምናስረው በአንድ ቃል ነው። ከሻል የወጣው «ሹድ»ም ወደ ግዴታ የመጣው በዚሁ በዕዳ መንገድ ነው።

አማርኛ ተናጋሪን አብዝቶ የሚያሳስተው አሉታው ነው። «መስት» እና «ሃቭ ቱ» በአዎንታ ሲሆኑ ሁለቱም «አለብህ» ማለት ናቸው። አሉታ ሲሆኑ ግን ይለያያሉ፤ «መስንት» ክልክል ነው ማለት ሲሆን፣ «ዶንት ሃቭ ቱ» ግድ አይደለም፣ ከፈለግህ ግን ትችላለህ ማለት ነው። የእኛ «የለብህም» በመካከል ሆኖ ብዙውን ጊዜ ወደ ክልከላ ያደላል። አለቃ ለሠራተኛው «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ከም ኦን ሳተርደይ» ቢለው «ቅዳሜ መምጣት የለብህም» ብሎ መተርጎም ነፃ ምርጫን እገዳ ያደርገዋል፤ «መምጣት አይጠበቅብህም» ይሻላል። በተቃራኒው ሲሆን አደጋው ይብሳል። ለታካሚ የሚያስተረጉም ሰው «ይህን ክኒን በባዶ ሆድ መውሰድ የለብሽም» የሚለውን በ«ዶንት ሃቭ ቱ» ቢያቀርበው፣ ክልከላው በሰሚው ጆሮ ምክር እንኳ አይሆንም። ሰዋስው አጥኚ ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ቢባል እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራቸው አክብሮትን መሸከም ነው። አማርኛ አክብሮትን በ«እርስዎ» እና በግሱ ዝርዝር ይገልጻል፤ «ውሃ ይስጡኝ» ትእዛዝ ቢሆንም ያከብራል። እንግሊዝኛም ድሮ ለቅርብ ሰው «ዛው»፣ ለተከበረ ሰው «ዩ» ይል ነበር። «ዛው» ከተራው ንግግር ከጠፋ በኋላ ሕፃኑም ፕሬዚዳንቱም «ዩ» ሆኑ። ዛሬ ትሕትናን በአብዛኛው የሚያሳየው ሞዳሉ ነው። «ጊቭ ሚ ዋተር» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ፕሊስ» ቢጨመርበትም ለማያውቁት ሰው ሸካራ ነው፤ «ካን አይ ሃቭ ሰም ዋተር?» ይለሰልሳል፣ «ኩድ አይ» ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል። ኩድ እና ዉድ እዚህ ላይ የኃላፊ ጊዜን አይነግሩም፤ ጠያቂው ትንሽ ራቅ ብሎ ለተጠያቂው ቦታ ይለቅለታል። «ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» ሲባሉ ግን መጠንቀቅ ነው። ጥያቄው «መስኮቱን ቢከፍቱ ቅር ይልዎታል?» ስለሆነ፣ ለመክፈት የተስማማ ሰው «ኖ» ወይም «ኖት አት ኦል» ይላል።

ሞዳል ለግምትም ያገለግላል። በሩ ሲንኳኳ «ዛት መስት ቢ ሃና» ያለ ሰው ሃናን አላዘዛትም፤ «ሃና መሆን አለባት» ማለቱ ነው፣ አማርኛውም እንግሊዝኛውም የግዴታን ቃል ለእርግጠኝነት ይዋሳሉ። እርግጠኝነቱ ሲቀንስ «ሜይ» ወይም «ማይት» ይመጣል፤ «ሳትሆን አትቀርም» ከመስት ላላ፣ ከማይት ጠበቅ ያለ ነው። የመስት ግምት አሉታው ደግሞ «ካንት» ነው፦ «ዛት ካንት ቢ ሃና»፣ ሃና ልትሆን አትችልም። ስላለፈ ነገር ሲሆን «ሃቭ» ይገባል። «ሂ መስት ሃቭ ሌፍት» ማለት «ሄዶ መሆን አለበት» ነው፤ «ዩ ሹድ ሃቭ ኮልድ» ደግሞ «መደወል ነበረብህ»፣ አልደወልክም የሚል ወቀሳ ያለበት።

ሻል ከዕለት ተዕለት ንግግር እየወጣ ነው። በብሪታንያ «ሻል ዊ ጎ?» (እንሂድ?) እና «ሻል አይ ኦፕን ኢት?» (ልክፈተው?) አሁንም ይሰማሉ። ሙሉ ሥልጣኑ የቀረው በሕግ ጽሑፍ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥሩ ማሳያ በእጃችን አለ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በወጣው ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይታተማሉ። «ይህ አዋጅ … ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል» በሚለው ትይዩ «ሜይ ቢ ሳይትድ» አለ፤ «የጸና ይሆናል» በሚለው ትይዩ ደግሞ «ሻል ኢንተር ኢንቱ ፎርስ»። አማርኛው በተራ የትንቢት ግስ የሚደነግገውን እንግሊዝኛው በሻል ያጸናዋል።

በጆሮ ለመለየት የሚያስቸግሩት ካን እና ካንት ናቸው፣ በተለይ በአሜሪካ አነጋገር። የ«ካንት» መጨረሻ ድምፅ ብዙ ጊዜ ተውጦ ስለሚቀር ልዩነቱን የሚነግረን ጫናው፣ ማለትም ድምፁ ጠንክሮ የሚነገርበት ቦታ፣ ነው። «አይ ካን ጎ» ሲባል ካን አጥሮ «ክን» ይሆናል፣ ጫናው «ጎ» ላይ ያርፋል። ካንት ግን ሳይታጠፍ በሙሉ አናባቢው ይነገራል። «ክን» ከሰሙ ይችላል፣ ጎላ ያለ «ካን» ከሰሙ አይችልም ማለት ሊሆን ይችላል። የስልክ ቀጠሮ ላይ ከሆኑ ደግሞ «ካን ኦር ካንኖት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ እዚያው ያደጉትም ይጠይቃሉ።