የቤት ሶኬት የፌዝና የኒውትራል ፍተሻ

የሶኬት ፌዝ ፍተሻ ማለት ከሁለቱ ቀዳዳዎች የትኛው ፌዝ፣ የትኛው ኒውትራል እንደሆነ መለየት፣ ኧርዙም (የዕቃውን ብረት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የመከላከያ ሽቦ) በትክክል መገናኘቱን ማየት ነው። ብዙ ሰው ሽቦዎቹን «ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ» ይላቸዋል። የቤት መብራት ግን አቅጣጫውን በሰከንድ 50 ዙር እየቀያየረ የሚመላለስ ነው፤ ቋሚ ፖዘቲቭ የለውም። ኒውትራሉ ትራንስፎርመሩ ጋ ከመሬት ጋር ታስሯል። ፌዙ ግን ከመሬት አንጻር 220 ቮልት ይዞ ይመጣል። የሚነዝረው እሱ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አሁንም ስካቶላ (የሽቦ ሳጥን) እና ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻ) ሲባል የምንሰማው ሙያው ከጣሊያንኛ ቃላት ስለወሰደ ነው። ሶኬቱ ግን በብዛት የጀርመኑ ሹኮ ነው። ክብ ነው፤ ከላይና ከታች የኧርዝ ብረት አለው። መሰኪያው ተገልብጦም ይገባል። የአሜሪካው ሶኬት በአንጻሩ ፌዙን በጠባቡ ቀዳዳ ይለያል።

ስለ ፌዝ ቦታ አጥብቆ ያሰበው የእንግሊዙ አሠራር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መዳብ አጥሮ ነበር። ስለዚህ ከፊውዝ ሳጥኑ ተነስቶ በየሶኬቱ ዞሮ እዚያው የሚመለስ አንድ መስመር መዘርጋት ተለመደ። መስመሩ 30 አምፒር ይሸከማል። የዕቃው ቀጭን ገመድ ግን ይህን አይችልም፤ የራሱ ፊውዝ አስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1947 ደረጃው የወጣለት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር መሰኪያ ፊውዙን በሆዱ ይዞ መጣ። ረጅሙ የኧርዝ እግር ቀድሞ ይገባል፤ የሌሎቹን ቀዳዳዎች መዝጊያም ይከፍታል። ኧርዙ ወደ ላይ ሆኖ ሶኬቱን ፊት ለፊት ሲያዩት ፌዙ በቀኝ ነው። ሽቦው ከተገለበጠ ፊውዙ ኒውትራል ላይ ያርፋል፤ ቢቃጠልም ዕቃው ውስጥ ፌዝ ይቀራል። ከዱባይ ወይም ከኩዌት የሚመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ መሰኪያው ይኸው ነው። እዚህ በአዳፕተር ሲሰካ የግራ ቀኙ ዋስትና ይጠፋል። አዳፕተሩ የኧርዝ ብረት ከሌለው ኧርዙም ይጠፋል።

መሰኪያው የሚገለበጥ ከሆነ ፌዙ በየትኛው ቀዳዳ ቢሆን ምን ለውጥ አለው የሚሉ አሉ። ስለ ግራና ቀኝ ከሆነ ሐሳባቸው ሚዛን ይደፋል፤ ፌዝ በቀኝ ይሁን የሚሉ ባለሙያዎችም አይጠፉም። ዋናው ጉዳይ ግን ብሬከሩና ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጡት ፌዙን ነው ወይ የሚለው ነው። ባለ አንድ መስመር ብሬከር ኒውትራሉን ከቆረጠ ዕቃው ይጠፋል፣ ሶኬቱ ግን ይነዝራል። ኤልኢዲ አምፖል ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ ከበራ ማብሪያ ማጥፊያው ኒውትራል ላይ መሆኑን መጠርጠር ነው።

ጥንቁቅ ኤሌክትሪሺያን ቴስተሩን (ፌዝ ሲነካ የምትበራ ትንሽ አምፖል ያለችበትን ካቻቢቴ) መጀመሪያ መብራት እንዳለው በሚያውቀው ሶኬት ላይ ይሞክረዋል። ጣቱን ከላይ ያለው ብረት ላይ አድርጎ ሁለቱንም ቀዳዳ ይነካል። ፌዙ ላይ ይበራል። ሁለቱም ላይ ከበራና ሌላ ዕቃ ከተሰካ ኒውትራሉ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ብሬከሩን ያጠፋና እንደገና ያያል። አሁን ቴስተሩ በአንዱም ቀዳዳ መብራት የለበትም።

ቴስተር ስለ ኧርዝ ምንም አይናገርም። ለዚያ መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ያስፈልጋል፤ ኤሲ 600 ወይም 750 ላይ ይደረጋል። ከፌዝ ወደ ኒውትራል 220 አካባቢ፣ ከፌዝ ወደ ኧርዝም እንደዚያው፣ ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ዜሮ ወይም ጥቂት ቮልት ማሳየት አለበት። የሽቦ ቀለም ብቻውን አይታመንም። ጥቁር በድሮው የእንግሊዝ ቀለም ኒውትራል ነበር፤ በአሜሪካ ግን ፌዝ ነው።

መልቲሜትሩንም የሚያታልል አንድ ሥራ አለ፦ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን በአጭር ሽቦ ከኧርዙ ብረት ጋር ማገናኘት። ልኬቱ ያማረ ይመስላል። ኒውትራሉ መንገድ ላይ ሲበጠስ ግን የኤሌክትሪክ ምጣዱ ብረት 220 ቮልት ይሸከማል። ምጣዱ አይሞቅም፤ የነካውን ሰው ግን ይነዝራል። ይህ በምንም ምክንያት መሠራት የለበትም። የሚታወቀው ብሬከሩ ጠፍቶ፣ መብራት አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ ሶኬቱ ሲፈታ ነው። የኧርዙ ብሎን ላይ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ሳይሆን ከኒውትራሉ የተሳበ ቁራጭ ሽቦ ይገኛል።