የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ምንድን ነው? ሕክምናውስ?

ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት ለፊት አድርጉና አፋችሁን ከፈት ዘጋ አድርጉት። እዚያ ሲንቀሳቀስ የሚሰማችሁ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ነው። በቀኝም በግራም አለ። በአጥንቶቹ መካከል ስስ ንጣፍ አለች፤ አፍ በሰፊው ሲከፈት መንጋጋው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ እሷም አብራው ትሄዳለች። ከቦታዋ ሸርተት ካለች "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማል።

ድምፁ ሕመም ከሌለው ተዉት፣ ሕክምና አይፈልግም። ችግሩ ሲያኝኩ ሲያም፣ አፍ አልከፈት ሲል ወይም ሲቆለፍ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያመው መገጣጠሚያው ሳይሆን የማኘኪያ ጡንቻው ነው። ሌሊት ጥርስ ማፋጨት፣ ጭንቀት፣ አገጭ ላይ ያረፈ ምት፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ያባብሱታል። ሕመሙ ወደ ጆሮ፣ ወደ ራስ፣ ወደ ጥርስም ይዘልቃል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ጤነኛ ጥርሱን አስነቅሎ ከነሕመሙ ቤቱ የሚገባው። ጎንደር ላይ "ብርድ መትቶኝ ነው" ብሎ ጆሮ ግንዱን በጋቢ የሚጠቀልልም አይጠፋም። እሱስ ግድ የለም፣ ሙቀት ይረዳል።

ሕክምናው የሚጀምረው ከማሳረፍ ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ ብቻ ይሻለዋል፤ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ቋንጣ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ማስቲካ ይቆዩ። ጫት የሚቅምማ መንጋጋውን ለሰዓታት እያሠራው "ለምን አመመኝ?" ማለት አይችልም። ሽሮ ፍትፍት፣ አጥሚት፣ ገንፎ ይበቃል። ከባዱ ነገር ቡና ላይ ቆሎ ሲዘገን "ይለፈኝ" ማለት ነው። ቡና አፍይዋ ብትቀየምም ይለፋችሁ።

ቀን ላይ ከንፈር ይገጠም እንጂ ጥርስ ከጥርስ አይነካካ። ጥርስ የሚገናኘው ሲበሉና ሲውጡ ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ልማድ ከብዙ ክኒን ትበልጣለች ባይ ነኝ። ሞቅ ያለ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ያህል መያዝም ጥሩ ነው። አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ያስታግሳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰውና ነፍሰ ጡር ግን ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ካልተሻለ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴና በማሸት የሚሰጥ ሕክምና፣ አለ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ክፍሉ ስላለ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። ለሚያፋጭ ሰው የጥርስ ሐኪም በልኩ ሌሊት ጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ ያሠራለታል። ጥርሱን ከመበላት ያድናል፣ ማፋጨቱን ግን ላያስቆም ይችላል።

"የጥርስህን ግጥሚያ ላስተካክል" ተብሎ ጥርስ ለመሞረድ ከመስማማት በፊት ሌላ ሐኪም ጠይቁ። የተሞረደ ጥርስ አይመለስም፣ ለዚህ ሕመም መጥቀሙም አልተረጋገጠም። መገጣጠሚያውን በመርፌ ማጠብና ቀዶ ሕክምና ለጥቂቶች ናቸው። ከልጅነት ጉዳት ወይም ኢንፌክሽን በኋላ አጥንቱ ተጣብቆ አፉ አልከፈት ያለው ሰው ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ሲያዛጉ አፍ ተከፍቶ ከቀረ ቤት ውስጥ በጉልበት አትግፉት። ሐኪም ወደ ታችና ወደ ኋላ ተጭኖ ይመልሰዋል። ከቁስል በኋላ መንጋጋ ከጠበቀ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም ቴታነስ፣ ሊሆን ስለሚችል ፎጣም ፍትፍትም አይሞከር፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።